የግብርና የተልእኮ ትምህርትና የገንዘብ ድጋፉ፤ ሂሳዊ አስተያየት

መግቢያ

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በአማኑኤል ሰፈር አካባቢ የሚገኘው እህል በረንዳ የጎጃም ጤፍ፣ የአርሲና የባሌ ስንዴ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ባቄላና ሽምብራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲራገፍበት የኖረ የገበያ ስፍራ ነው። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ መንገደኛ ለረጅም ዘመን ሲሳፈርበት የኖረው አውቶቡስ ተራ ይገኛል። እህሉ ወደ ከተማ በገባበት መንገድ ወደ ገጠር የሚመለሰው ጨርቅ፣ ቆርቆሮ፣ ጨውና ሳሙና ነው። በዚህ ጭነት መካከል አልፎ አልፎ በካርቶን ታስሮ የሚጓዝ የትምህርት ጽሑፍ አይታጣም፤ ይኸውም በየወረዳው የሚሠሩ የግብርና ልማት ሠራተኞች ሥራቸውን ሳይለቁ እንዲማሩበት የተዘጋጀው ሞጁል ነው። እህሉን የሚያመጣው የንግድ ሥርዓት የጭነቱን፣ የማውረጃውንና የደላላውን ዋጋ አንድ በአንድ ቆጥሮ ይከፍላል። ሞጁሉን የሚልከው የትምህርት ሥርዓት ግን የመላኪያውን ዋጋ እንጂ የተማሪው ጥያቄ የሚመጣበትንና መልሱ የሚሄድበትን ዋጋ አስቦ አይነሣም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት መመርመር ነው። ቀደም ባለው ጊዜ የተልእኮ ትምህርት፣ ዛሬ ደግሞ የርቀት ትምህርት እየተባለ የሚጠራው አሠራር በግብርና መስክ የሚገባውን ያህል ፍሬ ያላፈራው ገንዘብ ፈጽሞ ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ የተገኘው ገንዘብ በመማሪያ ክፍል ሥርዓት ተቆጥሮና በግምጃ ቤት የጊዜ ሰሌዳ ተወስኖ ስለሚሰጥ ነው የሚለውን ሐሳብ ለአንባብያን እናቀርባለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ወራቱ ግን የእኛው ናቸው።

1. «ርካሽ ነው» የሚለው አስተሳሰብ

የርቀት ትምህርት ከመደበኛው ትምህርት ይረክሳል የሚለው አነጋገር በትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ሐሳቡ መሠረት የለውም አይባልም። በ1969 የተቋቋመው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በ1985 የተቋቋመው የህንድ የኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ያሳዩት ነገር ግልጽ ነው። ጽሑፉን ለማዘጋጀት የሚወጣው ገንዘብ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በኋላ አንድ ተማሪ በተጨመረ ቁጥር የሚጨመረው ወጪ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የተማሪው ቁጥር በበዛ መጠን የነፍስ ወከፍ ወጪው ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ይህ ሒሳብ እውነት የሚሆነው ሦስት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ አንዱን ጽሑፍ እጅግ ብዙ ተማሪ ሊጠቀምበት ይገባል። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ሳይለወጥ ብዙ ዓመት የሚያገለግል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ተማሪው ከጽሑፉ በቀር ሌላ ብዙ ነገር የማያስፈልገው መሆን ይኖርበታል። የግብርና ትምህርት ሦስቱንም አያሟላም።

ለደጋ ገብስ የተጻፈው ትምህርት ለቆላ ማሽላ አይበጅም፤ በወይና ደጋው መካከል እንኳ የጎጃም ቀይ አፈርና የሸዋ ኮትቻ አንድ ዐይነት አያያዝ አይሹም። ስለዚህ ጽሑፉ በየአካባቢው መከፋፈሉ፣ የአንባቢውም ቁጥር ማነሱ የማይቀር ነው። የጽሑፉን ዕድሜ በተመለከተ የስንዴን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዘር ለብዙ ዓመታት በምርጥነቱ ሲመከር ከቆየ በኋላ በ2010 በተነሣው ቢጫ ዋግ ክፉኛ ተጎዳ። በምትኩ በስፋት የተሠራጨው ዲጋሉ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ፣ በ2013 በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። በማዳበሪያም በኩል ለረጅም ጊዜ ሲመከር የነበረው ዳፕ ኋላ በኤንፒኤስ ተተክቷል። በ2009 ታትሞ የወጣ የሰብል ልማት ሞጁል በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ስለ ዘሩም ሆነ ስለ ማዳበሪያው ያረጀ ምክር ይሰጥ ነበር ማለት ነው። የሒሳብ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ቢያረጅ ተማሪው ብቻ ይጎዳል፤ የእርሻ መጽሐፍ ቢያረጅ ግን ተማሪው በሚመክራቸው ገበሬዎች ማሳ ላይ ጉዳት ይደርሳል።

2. ካለፈው ጊዜ የምናገኘው ትምህርት

የገንዘቡን ጉዳይ ለመረዳት የድርጅቶቹን አመሠራረት መመልከት ያሻል። በ1952 በተፈረመው ስምምነት መሠረት በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ርዳታ የተቋቋመውና ኋላ በዓለማያ የተተከለው የእርሻ ኮሌጅ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና የእርሻ ማስፋፊያ አገልግሎትን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን በ1963 የማስፋፊያው ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ተቋቋመ። እያንዳንዱ እርምጃ በራሱ ምክንያት ነበረው፤ ውጤቱ ግን መምህሩ፣ ተመራማሪውና የገጠሩ ሠራተኛ በሦስት ልዩ ልዩ በጀት የሚተዳደሩ መሆናቸው ነው። የግብርና ተልእኮ ትምህርት ደግሞ በባሕርዩ ሦስቱንም በአንድነት ይፈልጋል። ትምህርቱን የሚያዘጋጀው መምህሩ፣ ይዘቱን የሚያድሰው ተመራማሪው፣ ተማሪው የልማት ሠራተኛው ነው። ስለዚህ የሁሉም የሆነው ትምህርት በበጀት ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

የተልእኮ ትምህርት በእርሻ መስክ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በአቢጃን የተመሠረተው የኢናዴስ ድርጅት ቅርንጫፍ ሆኖ በ1969 ሥራ የጀመረውና ኋላ አግሪ ሰርቪስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ለገበሬዎችና ለገጠር ሠራተኞች በጽሑፍ ልውውጥ የእርሻ ትምህርት ይሰጥ ነበር። የድርጅቱ አሠራር ጽሑፍ በመላክ ብቻ የሚቆም አልነበረም፤ ተማሪው መልመጃውን ሠርቶ ይልካል፣ ታርሞ ይመለስለታል። ከ1984 እስከ 1985 ከደረሰው ረሀብ በኋላ ግን ድርጅቱ ወደ ገጠር ልማት ሥራ አዘነበለ። የተራበን ወገን ማስቀደሙ አያስወቅስም። ለትችት የሚዳርገው፣ ያን የመሰለ የካበተ ልምድ በመንግሥት የትምህርት በጀት ውስጥ ቋሚ ቦታ ሳያገኝ መቅረቱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1997 በዓለማያ በሳሳካዋ ድርጅት ድጋፍ የተጀመረው የልማት ሠራተኞች የዲግሪ ትምህርት ነው። በዚህ አሠራር ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ የቆዩ ሠራተኞች ገብተው ከተማሩ በኋላ ወደ ሥራ ቦታቸው ተመልሰው ለወራት ከገበሬዎች ጋር አንድ ተግባራዊ ሥራ ያከናውናሉ፤ መምህራኑም እየተጓዙ ይጎበኟቸዋል። ይህ ከመደበኛውና ከተልእኮው ትምህርት የተወጣጣ አሠራር ከሁሉም የተሻለ መሆኑን እናምናለን። ተማሪው የሚፈተነው በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በማሳ ላይም ነውና። ኋላም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል። ነገር ግን በተስፋፋበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አብሮት ይሄዳል፤ የጎብኚውን መምህር ነዳጅና የውሎ አበል የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ወጪ በለጋሽ ትከሻ ላይ እስካለ ድረስ፣ የለጋሹ እጅ ባጠረ ቀን መጀመሪያ የሚቀረው የማሳው ጉብኝት ነው።

3. የተዘነጉት ወጪዎች

የግብርና የተልእኮ ትምህርት ወጪ በሦስት ይከፈላል፤ የዝግጅት፣ የምላሽና የማሳ ልንላቸው እንችላለን። ዝግጅት ስንል ጽሑፉን መጻፍ፣ ማሳተምና ማሠራጨት ነው። ምላሽ ስንል መልመጃ ማረም፣ ጥያቄ መመለስና ማስጠናት ነው። ማሳ ስንል የሠርቶ ማሳያ መሬት፣ ዘር፣ መሣሪያና የጉብኝት ጉዞ ነው። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው በካፒታል በጀት ወይም በፕሮጀክት ገንዘብ ይሸፈናል፤ ታትሞ የሚታይ ነገር ስላለው ለሪፖርትም ይመቻል። የቀሩት ሁለቱ «ልዩ ልዩ» በሚለው አርዕስት ሥር ይወድቃሉ፤ አለዚያም በተማሪው ኪስ ላይ ይጣላሉ።

የተዘነጋው ነገር ምን ያህል እንደሆነ በግምት ላይ በተመሠረተ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ኮሌጅ አንድን የትምህርት ዐይነት ለ300 ተማሪዎች በተልእኮ ያስተምራል እንበል። እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት አራት መልመጃ ቢልክ 1200 መልመጃዎች ይሆናሉ። አንዱን በቁም ነገር ለማረም ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ 600 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህም በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ አንድ መምህር 75 ሙሉ የሥራ ቀን ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ሁለት ጊዜ በማሳው ላይ ቢጎበኝና አንድ ጎብኚ በቀን ሦስት ተማሪ ቢያዳርስ ደግሞ 200 የጉዞ ቀን ይፈጃል። ይህ ሁሉ ለአንድ የትምህርት ዐይነት ብቻ ነው። ይህን ሥራ መደበኛ ክፍለ ጊዜውን ጨርሶ በትርፍ ሰዓቱ በሚሠራ መምህር ላይ መጣል፣ ሥራው እንዳይሠራ መወሰን ነው።

ውጤቱን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቅርብ ተመልክቶታል። በአንድ ወቅት ከአንድ ኮሌጅ የተሰጡትን የተልእኮ መልመጃዎች ሲያርም፣ አንድ የልማት ሠራተኛ በመልሱ ግርጌ የጻፈውን ጥያቄ አገኘ። በቀበሌው ስንዴ ቅጠል ላይ ቢጫ ዱቄት መሰል ነገር በመስመር በመስመር መታየቱን፣ ገበሬዎቹም ምን እናድርግ ብለው እንደጠየቁት ይገልጻል። መልመጃው የተጻፈው በመስከረም ነበር። ወደ አራሚው እጅ የደረሰው ግን በጥር ነው፤ ስንዴው ታጭዶ፣ የተረፈው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ። ተማሪው ለተጠየቀው የፈተና ጥያቄ ጥሩ ነጥብ አገኘ፤ እርሱ ለጠየቀው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። የዘገየው መምህሩ ሰንፎ ወይም ፖስታው ጠፍቶ አልነበረም። መልመጃዎቹ በኮሌጁ መዝገብ ቤት ተከማችተው የአራሚ አበል እስኪፈቀድ ይጠብቁ ነበር።

4. የበጀት ዓመትና የክረምት ወራት

ከዚህ የሚከተለው ጉድለት እምብዛም አይነሣም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ለቢሮ ሥራ ይህ የጊዜ ሰሌዳ ጉዳት የለውም። ለእርሻ ትምህርት ግን ከዚህ የከፋ ሊመረጥ አይችልም ነበር።

በደጋውና በወይና ደጋው በቆሎ በግንቦትና በሰኔ፣ ስንዴ በሰኔና በሐምሌ፣ ጤፍ በሐምሌ ይዘራል። ተማሪው ሊጎበኝ፣ ሠርቶ ማሳያውም ሊዘራ የሚገባው በእነዚሁ ወራት ነው። በሰኔ ግን ሒሳብ ስለሚዘጋ አዲስ ወጪ አይፈቀድም፤ በሐምሌና በነሐሴ አዲሱ በጀት ገና አልተከፋፈለም። ገንዘቡ በእጅ ሲገባ አረሙ በቅሏል፣ መንገዱም በጭቃ ተዘግቷል። ስለዚህ ለተግባር ትምህርት የተያዘው ጥቂት ገንዘብ በመጨረሻ የሚውለው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ማሳው ባዶ በሆነበት ጊዜ፣ ለስብሰባና ለአዳራሽ ሥልጠና ነው። ከዚያም «ተግባራዊ ሥልጠና ተሰጥቷል» ተብሎ ይዘገባል። ሰነዱ ሐሰት አይደለም፤ የተሰጠው ሥልጠና ግን ዘር አልነካም።

5. የደሴት ኮሌጆች ተሞክሮ

ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸውን ሀገሮች ስንፈልግ በቅድሚያ የምናገኛቸው በውቅያኖስ የተከበቡትን ነው። በ1968 የተቋቋመው የደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የ12 የደሴት ሀገሮች የጋራ ሀብት ነው፤ ዋናው ግቢ በፊጂ ሲሆን፣ የግብርና ትምህርቱ ደግሞ በሳሞዋ በሚገኘው የአላፉዋ ግቢ እንዲሰጥ ተደርጓል። ዩኒቨርሲቲው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በነፃ እንዲጠቀምበት በፈቀደለት የሙከራ ሳተላይት አማካይነት በየደሴቱ ያሉትን ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ያነጋግር ነበር። በ1985 ሳተላይቱ አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ግንኙነቱም ተናጋ። ኋላ በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ርዳታ የራሱን መረብ እስኪዘረጋ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ የምንማረው፣ በስጦታ የተገኘ የመገናኛ መንገድ ባለቤቱ ሲያነሣው አብሮ የሚነሣ መሆኑን ነው።

በሌላ በኩል የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ1972 የጉዋምንና የቨርጂን ደሴቶችን ኮሌጆች ከመሬት ስጦታ ኮሌጆች ማኅበር ቀላቀለች፤ የዓለማያ ኮሌጅም በአርአያነት የተከተለው ይህንኑ የኮሌጆች ሥርዓት ነው። ከ2000 ወዲህ በወጡ የእርሻ ሕጎች ደግሞ በደሴቶች ለሚገኙ ኮሌጆች የግብርና የርቀት ትምህርት ራሱን የቻለ የገንዘብ አርዕስት ተከፍቷል። ገንዘቡ በውድድር የሚሰጥ ሲሆን ለመሣሪያ፣ ለመረብ ግንኙነትና ለመምህራን ሥልጠና ይውላል። ይህ አሠራር እንከን የለውም አንልም፤ በውድድር የሚገኝ ገንዘብ ዘላቂነቱ ያጠራጥራል፤ ማመልከቻ መጻፍ የሚችለውን እንጂ የባሰ የተቸገረውን ሁልጊዜ አያገኝም። ቢሆንም የርቀት ትምህርትን በስሙ ጠርቶ በሕግ ማስፈሩ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነው።

ይህ እኛን በምን ይመለከተናል የሚል ይኖራል። ኮሌጆቻችን በውሃ የተከበቡ ባይሆኑም በሸለቆና በተራራ የተለያዩ ናቸው። ከወረታ ተነሥቶ መርሳ ለመድረስ የጋይንትንና የወሎን ደጋ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ የተከፈቱት 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ከእነርሱም ውስጥ ወረታ፣ መርሳ፣ ኮምቦልቻ፣ አላጌ፣ አጋርፋ፣ አርዳይታና ጌዋኔ ይገኙባቸዋል፣ በእያንዳንዱ ቀበሌ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ሠራተኞች ለማስቀመጥ በታሰበው ዕቅድ መሠረት በዐሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ 60 ሺ ያህል ሰው አሠልጥነዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የልማት ሠራተኛው ከኮሌጅ ከወጣ በኋላ በቀበሌው ብቻውን ይቀራል፤ ደሴቱ ኮሌጁ ብቻ ሳይሆን እርሱም ነው። በሙያው የሚቀጥልበት የተልእኮ ትምህርት ሲያጣ በአቅራቢያው ወዳገኘው፣ ማሳ ወደማይጠይቀው የሒሳብ አያያዝ ወይም የሥራ አመራር ትምህርት ይገባል። ዲግሪውን ሲይዝም ቀበሌውን ይለቃል። እንግዲህ የማሳ ወጪን ለማዳን የተደረገው ቁጠባ አንድ የሠለጠነ የግብርና ሠራተኛ አሳጣን ማለት ነው።

6. ሬዲዮ፣ ሳተላይትና ስልክ

ቴክኖሎጂ ይህን ሁሉ ያቃልለዋል የሚሉ ወገኖች አሉ። አስተያየታቸው ሊናቅ አይገባም። በ1941 በካናዳ፣ በ1956 በህንድ ፑና አውራጃ የተሞከረው የገበሬዎች የሬዲዮ ውይይት ፍሬ እንዳስገኘ የታወቀ ነው። ፍሬውን ያስገኘው ግን ሬዲዮው ብቻ አይደለም፤ አድማጮች በቡድን ተሰብስበው መወያየታቸውና ጥያቄያቸውን ጽፈው ወደ ጣቢያው መላካቸው ነው። በአንጻሩ በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተጀመረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ከፍተኛ ወጪ የተደረገበት ቢሆንም፣ መምህሩ ሊያስቆመው፣ ተማሪውም ሊጠይቀው የማይችል አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ነበር። በ2014 የተከፈተው የ8028 የስልክ መሥመር ለገበሬው በቋንቋው የተቀዳ ምክር በነፃ ማሰማቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ይሁን እንጂ ምክር መስማትና መማር አንድ አይደሉም። ስልኩ የመልእክቱን መንገድ ያሳጥራል እንጂ መልስ የሚሰጠውን ሰው አይተካም። ወጪውም የሚያርፈው በሰውየው ላይ ነው።

7. የማሻሻያ ሐሳብ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ. የግብርና የተልእኮ ትምህርት በጀት በዝግጅት፣ በምላሽና በማሳ ተከፍሎ በሦስት አርዕስት ይያዝ። የምላሹና የማሳው ገንዘብ ሳይረጋገጥ የዝግጅቱ ገንዘብ አይፈቀድ።

ለ. የማሳው ገንዘብ በሚያዝያ ተለቆ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንዲያገለግልና በሰኔ 30 መዝጊያ እንዳይታገድ ልዩ የሒሳብ ደንብ ይውጣለት። የትምህርቱ ዓመትም ከማሳው ጋር ይጀምር።

ሐ. ኮሌጆች እያንዳንዳቸው ሁሉንም ሞጁል ከማዘጋጀት ይልቅ ሥራውን ይከፋፈሉ። አንዱ የአፈርን፣ ሌላው የእንስሳትን፣ ሌላው የመስኖን ትምህርት ያዘጋጅ፤ ሁሉም በጋራ ይጠቀሙ። ጽሑፉን በየጊዜው ማደስም እንደ አዲስ ሥራ ሳይሆን እንደ መደበኛ ወጪ ይቆጠር።

መ. ያሉትን ስፍራዎች በትምህርት ቦታነት መጠቀም ይለመድ። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከላት ለዚህ የተመቹ ናቸው። ስለ እህል ጥራትና ስለ ነቀዝ የሚማር ተማሪም ማኛውን ከሰርገኛው በአንድ እፍኝ ከሚለዩት የእህል በረንዳ ነጋዴዎች ዘንድ አንድ ቀን ቢውል፣ ከብዙ ገጽ ጽሑፍ የሚበልጥ ዕውቀት ያገኛል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ አስደሳች ላይሆን ይችላል። የበጀቱ ጣሪያ ከፍ ካላለ የተማሪው ቁጥር መቀነስ አለበት። 300 ተማሪ መዝግቦ ለማንም መልስ ካለመስጠት፣ 100 ተማሪ ተቀብሎ እያንዳንዱን በማሳው ላይ መጎብኘት ይሻላል። ይህ የትምህርት ዕድልን ያጠባል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። ነገር ግን መልስ የማያገኝ ተማሪ ዕድል አግኝቷል ማለት አስቸጋሪ ነው። ወጪውም ከበጀቱ ስለ ተሰረዘ ከሀገሪቱ አልተሰረዘም፤ የልማት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከአዝመራው ይከፍለዋል።

ማጠቃለያ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። የተልእኮ ትምህርት ሩቅ ያለውን መምህር ጎረቤት ለማድረግ የታሰበ ሥራ ነው። ጎረቤትነቱ የሚታወቀው ደግሞ በላከው ጽሑፍ ብዛት ሳይሆን ሲጠሩት በመድረሱ ነው። በመስከረም የተጠየቀው የዋግ ጥያቄ በመስከረም እንዲመለስ ገንዘቡ በሐምሌ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። የሚመለከታቸው የትምህርትና የግብርና ሚኒስቴሮች፣ የገንዘቡም ባለሥልጣኖች፣ የሚቀጥለውን በጀት ሲያዘጋጁ ስንት ሞጁል እናትም ከሚለው በፊት ስንት ጥያቄ እንመልሳለን የሚለውን ቢያስቀድሙ፣ ከአማኑኤል ሰፈር አጠገብ እህል ሲያራግፍ የዋለው መኪና ሲመለስ የሚወስደው የትምህርት ካርቶን ለገበሬው ማሳ ይተርፋል ብለን እናምናለን።